ከወገብ የሚጎተት ባለ አንድ ጎማ ጋሪ፦ ለውርጭ ወራት የድንኳን ጉዞ

ግራ ተረከዜ ላይ አንድ ጠባሳ አለ። ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ ቁልቁለት ላይ ያገኘሁት ነው። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃና የሦስት ሰው ስንቅ የጫንኩበትን ጋሪ በገመድ እየጎተትኩ ነበር። ሜዳው ላይ እንደ በግ ተከተለኝ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ገመዱ ረገበ፣ ጋሪው ፈጠነ፣ እኔ ደግሞ ወሬ ይዣለሁ፤ ብረቱ መጥቶ ተረከዜን ላጠው። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ እያነሱ ይስቃሉ። እኔም የመጀመሪያውን ሕግ እዚያው ቁጭ ብዬ ደሜን እየጠረግኩ ተማርኩት፦ ሸክም በገመድ አይጎተትም። በዘንግ ነው የሚጎተተው።

ሐሳቡ የኔ አይደለም። በረዶ ባለበት አገር፣ በተለይ ሰሜን አውሮፓ፣ ሰዎች በክረምት ወጥተው ሲያድሩ ዕቃቸውን ሁሉ ጀርባቸው ላይ አያዝሉም። ፐልክ የሚሉት ዝቅ ያለ ተንሸራታች አላቸው። በሁለት ዘንግ ከወገብ ቀበቶ ጋር ያያይዙትና በበረዶው ላይ እየጎተቱ ይሄዳሉ። ቤታቸው የሚሠሩት ደግሞ የልጆች መንሸራተቻ ፕላስቲክ ይገዛሉ፣ ቀጭን የውሃ ቱቦ ሁለት ቦታ ይቆርጣሉ፣ በቱቦው ውስጥ ገመድ አሳልፈው አንዱን ጫፍ ከተንሸራታቹ ሌላውን ከቀበቶው ጋር ያስራሉ። ቱቦው ዘንግ ሆነ፣ ገመዱ ማሰሪያ ሆነ፣ አለቀ። አንዳንዶቹ ሁለቱን ቱቦዎች መሐል ላይ ያቆላልፏቸዋል፤ ሰውየው ሲታጠፍ ተንሸራታቹም በዱካው እንዲከተለው ነው።

እኛ ዘንድ ይሄ እንዳለ አይሠራም። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ የእኛ ክረምት ጭቃ። ብርዱ የሚመጣው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ደግሞ ውርጭ። ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የግጭ ሜዳ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ብርዱ በ6 ዲግሪ ገደማ እንደሚጨምር አስቡት። ጎንደር ላይ ጋቢ የሚያስለብስ ሌሊት እዚያ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ድንኳኑን ስትከፍቱ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል፣ የጀሪካኑ ውሃ አፉ ላይ ስስ በረዶ ይዞ። ለዚህ ብርድ ደግሞ ዕቃ ያስፈልጋል፤ ብርድ ልብስ ከባድ ነው፣ ፍራሽ ቦታ ይይዛል፣ ከሰል አለ፣ ምግብ አለ። ሁሉም ጀርባ ላይ ከሆነ ዳገቱ ሳይጀምር ትንፋሽ ያልቃል።

ስለዚህ መንሸራተቻውን በአንድ ጎማ ተክተን፣ ዘንጉንና ቀበቶውን እንዳለ ወሰድን።

ወደ ሥራው ሳልገባ ሁለት ነገር ልበል። ስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ በቅሎና ባለ በቅሎ አለ። ለገደላማው መንገድ በቅሎን የሚያህል የለም፣ ሰዎቹም የሚኖሩበት ሥራ ነው። ጋሪው ለጠጠር መንገድ፣ ለሰፊ የከብት መንገድ፣ ከአስፋልት ወርዶ ዘመድ ቤት ወይም ሜዳ ድረስ ለሚሄድ ሰው ነው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀምበት ወገራ ላይ ነው፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት መካከል። ፓርኩ ከገባችሁ ከስካውት፣ ማለት ከፓርኩ ጠባቂ፣ ጋር ነው የምትሄዱት፤ ጎማው የት እንደሚፈቀድ እሱን ጠይቁት። ሣሩን በጎማ አትርገጡት። ስሜን በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው፤ ልቅ ግጦሽም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ሁለተኛው፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታረጋግጡ አትነሱ። ይኼን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም፣ ግን ተናግሬያለሁ።

ጎማው

አንድ ነው ሁለት? እኔ አንድ እላለሁ። የእግር መንገዳችን በአህያና በከብት የተቦረቦረ፣ መሐሉ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ድንጋይ ነው። ሁለት ጎማ ካለው አንዱ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ጋሪው ይገለበጣል። አንድ ጎማ ግን እናንተ በረገጣችሁበት ይሄዳል። ሚዛኑን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ፣ በወገባችሁ። መጀመሪያ ያስፈራል፣ ከመቶ እርምጃ በኋላ ትረሱታላችሁ።

20 ቁጥር የልጆች ብስክሌት የፊት ጎማ ፈልጉ። የፊቱን ያልኩት የኋላው ጥርስና ሰንሰለት ማስገቢያ ስላለበት ሰፊ ነው፣ ለምንም አይጠቅምም። ቅዳሜ ገበያ ወይም ብስክሌት ጠጋኞች ጋ አሮጌ ታገኛላችሁ። ስትገዙ የጎማውን ዘንግ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቸርኬውን ወዲያና ወዲህ ወዝውዙት። ኳ ኳ ካለ ውስጡ ያሉት ብዮች ተበልተዋል፤ አስፈትታችሁ ብዩን አስቀይሩ፣ ግሪስ አስገቡ። ከዚያ አሽከርክሩት። እንደ ሰካራም ከዞረ ሽቦዎቹ ላልተዋል፣ ጠጋኙ በአሥር ደቂቃ ይወጥርላችኋል። ጎማው ጥርስ ያለው ይሁን። አሮጌ ካላማዳሪ በቁመቱ ቀዳችሁ በጎማውና በአዲሱ ካላማዳሪ መሐል አንጥፉ፤ የግራር እሾህ ጓደኛ አይመርጥም።

ብረቱ

የምትፈልጉት አንድ ቱቦላሬ፣ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው፣ 25 በ25 ሚሊ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። ገበያ ላይ ያለው አንዱ 6 ሜትር ነው፣ በትክክል ያዳርሳል። ዋጋውን አልጽፍም፤ ጠዋት የነገሩኝ ከሰዓት ይለወጣል። ሁለት 90 ሳንቲም፣ ሁለት 55፣ ሁለት 85 ትቆርጣላችሁ። የቀረው ላይ አራት 30 ሳንቲም ይወጣል፣ ዕቃው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ማዕዘን ላይ የሚቆሙ ናቸው። ሁለቱ 90ዎቹ የውጭ ጎኖች ናቸው፣ 55ቶቹ በፊትና በኋላ መሐላቸው ይገባሉ፣ ስፋቱ 60 ይሆናል። 85ቶቹ ደግሞ በርዝመቱ መሐል ላይ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በመካከላቸው ጎማው የሚገባበት ክፍተት ይቀራል።

እዚህ ክፍተት ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቻለሁ። በሜትር ለክቼ አስበየድኩ፣ ጎማውን ስከተው አምስት ሚሊ ጠበበ። በያጁ በመዶሻ ሊያሰፋው ሲል ሙሉው ተጣመመ። ስለዚህ ክፍተቱን በሜትር አትለኩ፣ በራሱ በጎማው ለኩት። መጀመሪያ ሁለት የጠፍጣፋ ብረት ቁራጭ አዘጋጁ፦ 12 ሳንቲም ርዝመት፣ 5 ሳንቲም ስፋት፣ ውፍረት 5 ሚሊ። ታች በኩል የጎማው ዘንግ የሚገባበት ጎድጓዳ ይቆረጥባቸው፣ አፉ ወደ መሬት የተከፈተ። ሸክሙ ራሱ ብረቱን ወደ ታች ስለሚጫነው ዘንጉ ከጎድጓዳው አይወጣም፤ መፍታት ስትፈልጉ ደግሞ ሁለቱን ዳዶ አላልታችሁ ጎማውን ትስባላችሁ። እነዚህን ብረቶች ጎማው ላይ በዳዶ አጥብቃችሁ እሰሩ። ከዚያ ጎማውን እንዳለ ገልብጣችሁ ሁለቱን 85ቶች ከብረቶቹ ጋር አስጠግታችሁ በነጥብ ብቻ አስይዙ። ጎማው በነፃነት ከዞረ ያኔ ሙሉው ይበየድ።

ጎማው የት ላይ ይሁን? መሐል ላይ አይደለም። የጎማው ዘንግ ከፊት 50፣ ከኋላ 40 ሳንቲም ላይ ይሁን። ማለትም የሸክሙ መሐል ከጎማው ትንሽ ወደ እናንተ ይጠጋል። ወደ ኋላ ካመዘነ ዘንጎቹ ወገባችሁን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ጋሪው ቂጡን መሬት ይጥላል። ወደ ፊት ከበዛ ደግሞ ሸክሙን መልሳችሁ ተሸከማችሁት ማለት ነው፤ ታዲያ ምን ተረፈ?

ብየዳው ላይ ትንሽ ምክር። 1.5 ሚሊ ስስ ነው፣ በወፍራም ኤሌክትሮድ ይበሳል፤ 2.5 ሚሊውን ተጠቀሙ። በአንድ ጊዜ ረጅም መስመር አታስበይዱ፣ ትንሽ ትንሽ እያፈራረቁ፣ አለበለዚያ ሙቀቱ ብረቱን ያጣምመዋል። ነጭ የውሃ ቧንቧ ብረት ላይ አታስበይዱ። ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ዚንክ ነው፣ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። መብራት ጠፍቶ ከበያጁ ጋር ሁለት ሰዓት ከተቀመጣችሁ ደግሞ ቡና ጋብዙት፤ ሥራው ላይ ይታያል።

ሲያልቅ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡ። ቀለሙን አታስውቡት። ያማረ ነገር ይጠፋል።

ዘንጎቹ

ብዙ ነገር ሞክረናል። ብረት ቱቦ ይከብዳል፣ ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ንዝረቱን በቀጥታ ወገብ ላይ ያደርሰዋል። ሽመል ቀላል ነው፣ ግን ቡሎን የበሳንበት ቦታ ተሰነጠቀ። ባህር ዛፍ ይሻላል። የደረቀ ይሁን። እርጥቡ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል። ውፍረቱ 4 ሳንቲም ገደማ፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፣ ልጡ የተላጠ፣ ጉጥ የሌለበት፣ በተለይ ብረቱ ውስጥ በሚገባው በኩል። የኑግ ዘይት አጠጡት፣ ቶሎ አይሰነጠቅም።

ዘንጎቹ የሚገቡበት ሁለት ክብ ቱቦ ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 25 ሳንቲም፣ ዘንጉ በግድ የሚገባበት። ከፊት ማዕዘኖቹ ላይ ይበየዳሉ፣ ወደ ላይ አዘንብለው። ምን ያህል አዘንብለው? ማዕዘን መለኪያ አላችሁ ወይ? እኔ የለኝም። እንዲህ አድርጉ፦ ጎማውን ግጠሙ፣ ጋሪውን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ደግፋችሁ ሜዳ መሬት ላይ አስተካክሉት፣ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጡበት፣ እንዳይዘነብል። ከዚያ ጋሪውን የሚጎትተው ሰው ከፊት ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም፣ ቀበቶውን ለብሶ። ዘንጎቹ ቱቦው ውስጥ ገብተው ጫፋቸው ወገቡ አጥንት ላይ እስኪደርስ አንሱ፣ እዚያው በነጥብ አስይዙ። ርቀቱ እግር በረጅሙ ሲወረወር ተረከዝ ከብረቱ ቢያንስ 40 ሳንቲም የሚርቅበት ይሁን። የኔን ተረከዝ አስታውሱ።

ጫፎቹ ወገብ ላይ በ45 ሳንቲም ርቀት ይሁኑ። ከጋሪው 40 ሳንቲም ራቅ ብሎ በሁለቱ ዘንጎች መካከል አንድ አግዳሚ እንጨት እሰሩ፣ ከአግዳሚው እስከ ጋሪው ማዕዘን ደግሞ በኤክስ ሽቦ ወጥሩ። ይኼ ከሌለ ዘንጎቹ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ፣ ጎማውም ይሰክራል። ቱቦውና ዘንጉን አንድ ላይ የሚበሳ አንድ አንድ ቡሎን በቂ ነው፣ ከሮንዴላ ጋር። ሚኒባስ ላይ ስትጭኑ ሁለት ዳዶ ትፈታላችሁ፣ ጎማውን ትነቅላላችሁ፣ ፖርቶመጋላ ላይ እንደ አልጋ ይተኛል። ከረዳቱ ጋር መጨቃጨቃችሁ ግን አይቀርም። «ይኼ ዕቃ ነው ወይስ ተሳፋሪ?» ይላችኋል፣ መልሱም ሁሌ እንደ ተሳፋሪ ማስከፈል ነው።

ምራኑ

አሁን የምናገረው ነገር ከበያጁም ከብስክሌት ጠጋኙም ያልመጣ ነው። ሁለተኛውን ጋሪ ስንሠራ ዘንጎቹን ከቀበቶው ጋር በብረት ማንጠልጠያ ነበር ያያያዝናቸው። ጠንካራ ነው፣ ያምራል፣ ጎንደር ላይ ስንሞክረውም ደህና ነበር። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ከአስፋልት ስንወርድ ግን በየእርምጃው ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ወገቤ በሁለቱም በኩል ቀልቷል።

ማሳቸው ዳር ተቀምጠው ሲያዩን የነበሩ አንድ አባት ጠሩን። ጋሪውን ዞረው አዩት። ጎማውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ማንጠልጠያውን ይዘው፣

«ልጄ፣ ይኼ ሞፈር ምራን የለውም እንዴ?» አሉኝ።

አልገባኝም። ሞፈርና ቀንበር በብረት ቢያያዙ በሬው በአንድ ቀን አንገቱ ይላጣል አሉ። ለዚህ ነው መሐላቸው ምራን የሚባለው ጠፍር የሚገባው። ጠፍሩ ሁለቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ግን ትንሽ ይሰጣል፣ ይጠመዘዛል፣ በሬው ሲንገዳገድ ሞፈሩ አብሮት አይሰበርም። ይህን እያሉ ከወገባቸው ቢላ አውጥተው ከአሮጌ ጠፍር ክንድ የሚሆን ቆረጡ፣ ብረቱን ነቅለው ጣሉት፣ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘው አሰሩት። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ገንዘብ ብንሰጥ ተቆጡን። ስኳር ሰጠናቸው፣ እሱን ተቀበሉ።

እስከ ማደሪያችን ድረስ ኳኳታ የለም። ጋሪው መኖሩን የማውቀው ዳገት ላይ ብቻ ነበር።

የጠፍር አንድ ጉድለቱ በጤዛ ይረዝማል። ጠዋት እንደገና ማጥበቅ አለባችሁ። አሁን የምንጠቀመው የመኪና ካላማዳሪ ነው፤ ሁለት ጣት ስፋት ተቀዶ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ በተበሳ ቀዳዳ አልፎ፣ ሦስት ዙር ተጠምዝዞ፣ ከቀበቶው ቀለበት ጋር የሚታሰር። ጎሚስታ ጋ የተቀደደ በነፃ ትወስዳላችሁ። ስሙን ግን ምራን ብለነዋል።

ቋጠሮው በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። ይኼን በደንብ ስሙኝ። በገደል አፋፍ ስትሄዱ ጋሪው ቢንሸራተት ሠላሳ ኪሎ ከወገባችሁ ጋር ታስሮ ነው የሚወርደው። ጫፉ እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ተንጠልጥሎ ይቆይ፣ በሁለቱም በኩል። ቤት ውስጥ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ጊዜ ፍቱት። ገደሉ በጣም የሚቀርብ ከሆነ ደግሞ ቀበቶውን ፈታችሁ ዘንጎቹን በእጅ ይዛችሁ እለፉ። ዕቃ ይገዛል።

ቀበቶውን ከሰልባጅ አሮጌ የጀርባ ቦርሳ ገዝታችሁ የወገብ ማሰሪያውን ብትቆርጡ ጥሩ ነው። ካጣችሁ የመኪና መቀመጫ ቀበቶ ከስፖንጅ ጋር ጫማ ሰፊ ይሰፋላችኋል። ወደ ታች እንዳይወርድ ሁለት ቀጭን የትከሻ ማንገቻ ይኑረው። ሸክሙ የሚያርፈው ዳሌ አጥንት ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይደለም። ሆድ ላይ ከሆነ ሽሮው ይመለሳል።

መኝታውና ጭነቱ

ከጎማው ግራና ቀኝ ሃያ ሃያ ሳንቲም የሚሆን ክፍት ቦታ አለ። እሱን በካላማዳሪ ቅዳጅ እንደ ጠፍር አልጋ ጠልፉት፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፋችሁ። ላሜራ አታድርጉበት፣ ይከብዳል፣ ይንኳኳል። ጎማው ላይ ደግሞ ከቢጫ ጀሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ ቆልምሙበት፣ ጭቃውን ይከለክላል፣ ብርድ ልብሱም ከጎማው ጋር አይነካካም።

አጫጫኑን ከበቅሎ ተማሩ። ግራና ቀኝ እኩል። ባለ በቅሎ ሁለቱን ጭነት በእጁ መዝኖ ነው የሚጭነው፣ እናንተም እንደዚያው። ከባዱ ከታች፣ ለጎማው ቅርብ፦ አምስት አምስት ሊትር ውሃ በየጎኑ፣ ከሰል፣ ድስት። ቀላሉና ትልቁ ከላይ፦ ድንኳን፣ ጋቢ፣ ፍራሽ። ከፍ ብሎ ከተቆለለ አንድ ጎማ ይቅር አይልም፣ በመጀመሪያው ጎድጓዳ ይጋደማል። በላዩ ሸራ አልብሱና በገመድ ጥልፍልፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ጭኖ መዝኖ ማየት የሚቻለው ዘንጎቹን በሁለት እጅ በማንሳት ነው፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ስኳር የያዛችሁ ያህል ከተሰማችሁ ልክ ነው፣ ከዚያ ከበለጠ ውሃውን ወደ ኋላ ግፉት።

ጀበናው ዱቄት ውስጥ ይቀበር። ሁለት ጀበና ከሰበርን በኋላ የደረስንበት ነው፣ በሶው መሐል ተቀብሮ ምንም አይሆንም። ምስርና ባቄላ ደግሞ ባትወስዱ ይሻላል፤ በ3,600 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከሰሉ ያልቃል እንጂ እሱ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ማታ ውሃውን ድንኳን ውስጥ አስገቡ።

ጋሪው ባዶውንም ክብደት አለው። ላዩ ላይ ከ35 ኪሎ በላይ አትጫኑ። ይሸከም ይሆናል፣ ግን የልጆች ቸርኬ ነው፣ አትፍረዱበት።

ከኋላ አንድ ነገር ይቀራል፣ የጅራት ገመድ። ሁለት ሜትር ገመድ ከኋላ መሐል ላይ እሰሩ። ቁልቁለት ሲመጣ ሁለተኛው ሰው እሱን ይዞ ወደ ኋላ ይስባል። ዳገት ላይ ደግሞ ያው ሰው ገመዱን ትቶ ከኋላ ይገፋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ቁልቁለቱን በአግድም፣ ዚግዛግ ውረዱ። ፍሬን ለመግጠም ያሰበ ጓደኛ አለን፣ ሁለት ዓመት አሰበ።

የመንገድ ከረጢት ውስጥ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ የካላማዳሪ ቁራጭ፣ 15 ቁጥር ቁልፍ፣ አንድ ትርፍ ቡሎንና ዳዶ፣ ሽቦ፣ ፒንሳ። ጎማውን ድንጋይ እስኪሆን አትንፉት። አውራ ጣት ሲጫነው ትንሽ ገባ ካለ ድንጋዩን እየዋጠ ይሄዳል።

ሙከራው

ሳትሞክሩት ወደ ሩቅ አትሂዱ። እኛ የሞከርነው ጎንደር ውስጥ ወደ ጎሃ በሚወጣው ዳገት ነው፣ እስከ ሦስት ባለ አሥር ሊትር ጀሪካን ጭነን፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግም። መጀመሪያ በባዶው፣ ከዚያ በ20 ኪሎ፣ ከዚያ በ30። ወጣችሁ፣ ወረዳችሁ፣ ቆማችሁ ዳዶዎቹን ነካ ነካ አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን የማይላላ ዳዶ የለም። ብየዳው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ተመለሱ፤ ገደል ላይ ከሚያዩት ፒያሳ ላይ ማየት ይሻላል።

ሰው ያያችኋል። ጀሪካን የጫነ ጋሪ ጎንደር ላይ ለማንም ብርቅ አይደለም፤ የኛ ግን በወገብ ስለሆነ ልጆች ተከተሉን፣ አንደኛው «በሬው ማነው?» እያለ። ከዳገቱ ግማሽ ላይ አንዲት እናት ከግቢያቸው ብቅ ብለው፣

«ውሃውን በስንት ነው የምትሸጡት?» አሉ።

አንሸጥም፣ ለሙከራ ነው ብንላቸው በግርምት አዩን። ሁለት ሳምንት ቧንቧ ባልመጣበት ሰፈር ውሃ ለሙከራ ዳገት ላይ የሚያንሸራሽር ሰው። አፍረን አንዱን ጀሪካን ሰጠናቸው።

አሁን ይህን ስጽፍ ጋሪው ቤቴ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ውሃ ሊያመላልሱበት ወስደውታል፣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ቁመታቸው ከኔ ስለሚያንስ ዘንጎቹን አንድ ስንዝር አስቆርጠዋቸዋል፤ ሳይጠይቁኝ። ለጥር ጉዞ አዲስ ባህር ዛፍ ማድረቅ ጀምሬያለሁ።